‹‹የት ጋ ነው የጠፋብህ?›› ስለ መምህራን ምዘና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች፣

ጉዳዩ፦ የመምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘና የተማሪውን ደብተር እንዲመለከት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ሳስተምር የቆየሁ መምህር ነኝ። ላለፉት ሦስት ክረምቶች ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እንደገና ተማሪ ሆኛለሁ። ሰኔ ላይ ጠመኔዬን አስቀምጬ ሐምሌ ላይ ደብተር ይዤ ስቀመጥ፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ተመልሼ ሰሌዳው ፊት ስቆም፣ ጎበዝ መምህር የምንለው ሰው በትክክል ምን የሚያደርግ ሰው ነው የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለዚህ ጥያቄ የትምህርት አስተዳደራችን በየመንፈቀ ዓመቱ በሚሞላ ቅጽ መልስ ይሰጣል። እኔም የምጽፈው ያ መልስ ዋናውን ነገር ስቶታል ብዬ ስለማምን ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት በጣም የተራራቁ የምዘና ውጤቶች ተሰጡኝ። በመጀመሪያው መንፈቅ የአምናውን ዕቅድ ገልብጬ፣ ቀኑን ብቻ ለውጬ በሰዓቱ አስገባሁ፤ ፖርሽኔን ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ፤ ከካርቶን የሠራሁትን የትምህርት መርጃ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፤ ርእሰ መምህሩ ‹‹የወደቀ እንዳይበዛ›› ባሉ ጊዜም ማርክ ጨመርኩ። በሁለተኛው መንፈቅ ግን አንዲት ተማሪ በፈተና ወረቀቷ ላይ ሦስት ገጽ ሙሉ ሠርታ ዜሮ ማግኘቷ ከነከነኝና የልጆቹን ደብተር እየሰበሰብኩ ማየት ጀመርኩ። ያየሁት ነገር ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ መለሰኝ፤ እንዲያውም 7ኛ ክፍል ላይ መያዝ የነበረበትን ትምህርት 9ኛ ክፍል ላይ ሳስተምር ሰነበትኩ፤ በዚህም የተነሣ ዕቅዴ ዘገየ፣ ፖርሽኑም ሳያልቅ ቀረ። የመጀመሪያው መንፈቅ ምዘናዬ እጅግ ከፍተኛ፣ የሁለተኛው ደግሞ መካከለኛ ሆኖ ተሞላ። ማንም አልበደለኝም። የሞሉት ሰዎች ቅጹ የጠየቃቸውን በቅንነት ሞልተዋል፤ እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ቅንነታቸው ነው።

‹‹ጎበዝ መምህር›› የሚለው ቃል በአንድ ግቢ ውስጥ እንኳ ብዙ ትርጉም አለው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ፖርሽኑን የጨረሰ ማለት ነው፤ በጽሕፈት ቤት ወረቀቱ የተሟላ ማለት ነው፤ ተማሪው ዘንድ ደግሞ ማርክ የማይሰስት ማለት ነው ብለን እናማቸዋለን፤ ተማሪዎች ግን ከዚህ የተሻለ ፍርድ እንዳላቸው ወደ በኋላ እጠቅሳለሁ። እኔ ከሁለቱም ወገን ተቀምጬ ካየሁት በኋላ በእጄ የቀረው መለኪያ አንድ ብቻ ነው። ጎበዝ መምህር ተማሪው የት ጋ እንደጠፋበት የሚያውቅ፣ ካላወቀም እስኪያውቅ ድረስ የማያርፍ ሰው ነው። አንደበተ ርቱዕ ሊሆን ይችላል፣ ተብታባም ሊሆን ይችላል። ቀልደኛ ጎበዞችም ኮስታራ ጎበዞችም አስተምረውኛል።

ይህን መጀመሪያ ያየሁት በ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህሬ ላይ ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ቀጭን፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ በደንብ የማይሰማቸው ሴት ነበሩ፤ ዛሬ ቢመዘኑ ‹‹የክፍል አያያዝ›› በሚለው ረድፍ ዝቅ ያለ ነጥብ የሚያገኙ ይመስለኛል። በክፍላችን 70 ገደማ ነበርን። ቲቸር በየቀኑ አሥር ደብተር ታቅፈው ይወጣሉ፤ በማግስቱ ሲመልሱልን ደብተሩ ላይ ኤክስ የለም፣ ራይትም የለም፤ ስሕተቱ ከጀመረበት መስመር ጎን አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ አለች። የመጨረሻው መልስ ስሕተት መሆኑንማ ከጓደኛ ደብተር ጋር አስተያይቶ ማንም ያውቀዋል፤ ነጥቧ የምትነግረን ከየት ጀምሮ እንደሆነ ነው። አንድ ቀን ሰባት መስመር በፈጀ ስሌቴ ላይ ነጥቧ ሦስተኛው መስመር ላይ አርፋ አገኘኋትና ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። ቲቸር በጣታቸው እያሳዩ፣ ‹‹ከዚህ በታች ያለው አራቱም መስመር አካሄዱ ልክ ነው፤ አንተ የጠፋብህ እዚህች ጋ ብቻ ነው›› አሉኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስሌቱ በሙሉ የተበላሸ፣ እኔም ለሒሳብ ያልተፈጠርኩ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ዘመን ሌላ መምህር ስሕተቶቻችንን ቆጥሮ በቁጥሩ ልክ መዳፋችንን በማስመሪያ ይመታን ነበር። ስሕተት መቁጠርማ እርሱም ይቆጥር ነበር።

ያቺ ነጥብ የት ማረፍ እንዳለባት ማወቅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ 1/2ን ከ1/3 ጋር ደምሮ 2/5 ብሎ ጻፈ። ይህ ስሕተት በየዓመቱ በየክፍሉ የማይጠፋ ነው፤ እኔም ለዓመታት ኤክስ አድርጌበት፣ የጋራ ታሕት ማግኘትን ሰሌዳ ላይ ደግሜ አሳይቼ አልፌዋለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ስሕተት ይጠብቀኛል። ያን ቀን ግን ልጁን ‹‹እንዴት አገኘኸው?›› ብዬ ጠየቅሁት። ‹‹ቲቸር፣ በመጀመሪያው ኩዊዝ ከ2 አንድ አገኘሁ፣ በሁለተኛው ከ3 አንድ አገኘሁ፤ እርስዎ ማርክ ሊስቱ ላይ ከ5 ሁለት ብለው አይደል የሞሉልኝ?›› አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ተከታታይ ምዘናውን በሰጠሁት ቁጥር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው እየደመርኩ ያሳየሁት እኔው ራሴ ነበርኩ። ለካ ልጁ የጋራ ታሕት ማግኘት አላቃተውም፤ ከሁለት የተያዘና ከሦስት የተያዘ ኩዊዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው፣ ግማሽ እንጀራና ሲሶ እንጀራ ስንል ግን የምንናገረው ስለ አንድ መጠን እንጀራ መሆኑ ነው ያልተነገረው። ‹‹ግማሽ እንጀራ ይዘህ ሲሶ ቢጨመርልህ ከግማሽ ያንሳል ወይስ ይበልጣል?›› አልኩት። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ ለማየት ጊዜ አልፈጀበትም። በዚያ ቀን ፖርሽን አልሄደም፤ ያ ክፍል ግን በዚያ ስሕተት ለሁለተኛ ጊዜ አልተመለሰብኝም።

ክቡራን፣ ሥራ የጀመርኩበት 1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባበት ጊዜ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ከ40 ደቂቃ የማይርቀው ክፍለ ጊዜ አብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ በሳተላይት ለሚተላለፈው ትምህርት ሆነና ለእኛ ለመምህራኑ ከመግቢያውና ከመዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ተረፉን። ያን ቴሌቪዥን ለማማት አይደለም የማነሣው፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤት ልጆች የኬሚስትሪ ሙከራ ያዩት በእርሱ ነው፤ ሥዕሎቹም እኔ በጠመኔ ልሠራቸው ከምችለው በላይ ያማሩ ነበሩ። ነገር ግን በመስኮቱ ላይ ያለችው መምህርት በእንግሊዝኛ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሰከንድ ትታገሳለች፤ ከዚያም ፈገግ ብላ ‹‹ቬሪ ጉድ›› ትላለች። ከ60 የሚበልጡ ልጆች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ አንድ መስመር ሳይጽፉ ቬሪ ጉድ ይባላሉ፤ ትምህርቱም ይቀጥላል። እኔ ከጎን ቆሜ ከሰሌዳው ይልቅ የልጆቹን ፊት አይ ነበር፤ ብዙዎቹ የጠፉት ገና በሁለተኛው ደቂቃ እንደነበር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። መብራት በሄደ ቀን፣ ልጆቹ ‹‹ተመስገን›› ብለው ሲያጨበጭቡ፣ ጠመኔ አነሣና ‹‹ከየት እንጀምር?›› እላቸው ነበር። ማስተማር የለመድኩት በመብራት መጥፋት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

እንግዲህ አስቡት፤ ያ ቴሌቪዥን ዕቅዱ አንድም ቀን ተዛንፎ አያውቅም፣ በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል፣ ፖርሽኑን ይጨርሳል፣ የትምህርት መርጃው በቀለም ያሸበረቀ ነው፣ የትምህርቱንም ይዘት አይሳሳትም። እኛ ዛሬ በምንሞላው ቅጽ ብንመዝነው ከሁላችንም በላይ ያገኛል። ያልቻለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪው የት ጋ እንደጠፋበት ማወቅ። ቅጹም የማይጠይቀው እርሱኑ ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ ሆኖ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ የሚማር ልጅ የኔታ ፊት ቀርቦ ብቻውን ያነባል፤ የሳተውን ሳያቀና ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያዘጋጅ ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩ ቃል በቃል ሰምተው የተሰበረውን ያቀናሉ። ከዋሸራ፣ ከጎንጅና ከዋድላ የቅኔ ቤቶች ለመማር ወጣቶች ቆሎና ደበሎ ይዘው አገር ያቋርጡ የነበረው ሕንጻ ፍለጋ አይደለም፤ መምህር ፍለጋ ነው። በልጅነታቸው ዓይናቸውን አጥተው የጎጃም ስመ ጥር የቅኔ መምህርት የሆኑትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ሳስብ፣ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ያ ሁሉ ማስተማር በመስማት ላይ የቆመ መሆኑ ነው። የድሮውን ለማሞገስ ብቻ አላነሣሁትም፤ በአብነት ትምህርት ቤት አለንጋ እንደነበረ፣ ረኃብ እንደነበረ፣ ሴት ልጅም ከእማሆይ ገላነሽ በቀር ብዙም እንዳልታየችበት አውቃለሁ። አንድን ልጅ ለብቻው ሳይሰሙ ማስተማር እንደማይቻል ግን ያ ትምህርት ቤት ያውቅ ነበር፤ እኛ ዘመናዊውን ስንይዝ የጣልነው ይህን ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን፣ ወደ ተማሪው ወንበር ልሻገር። በሁለተኛው ክረምት አንድ መምህራችን የስታትስቲክስ ትምህርት ሲያስተምሩን አንድ ቦታ ላይ ተሳሳትኩና ተከታዩ ሁሉ እንደ ጉም ሆነብኝ። መምህሩ ዞር ብለው ‹‹ግልጽ ነው?›› አሉ። እኔ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነኝ፣ የልጆች አባት፣ ለሃያ ዓመታት ‹‹ያልገባው ይጠይቅ›› ስል የኖርኩ ሰው፣ ጭንቅላቴን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅሁ። ጎኔ የተቀመጠው የፊዚክስ መምህርም ነቀነቀ። ስንወጣ ስጠይቀው እርሱም አልገባውም ነበር። ያን ቀን ማታ ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ ተኝቼ፣ በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ‹‹ገባችሁ?›› ብዬ ጠይቄ፣ ስንት ሺህ ጊዜ ‹‹አዎ!›› የሚል የኅብረት ዜማ ሰምቼ ረክቼ እንደወጣሁ አሰላሁ። ‹‹ገባችሁ?›› ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም። የክፍለ ጊዜው ማብቂያ ደወል ነው።

መስከረም ላይ ስመለስ ተማሪዎቼን ስማቸውን ሳይጽፉ በቁራጭ ወረቀት ላይ፣ ከ1ኛ ክፍል እስካሁን ካስተማሯችሁ መምህራን ውስጥ በደንብ ያስተማራችሁን አንድ ሰው አስታውሱና ምን ያደርግ እንደነበር ጻፉ አልኳቸው። ማርክ የሚለቅ የሚል ወረቀት ብዙ እጠብቅ ነበር፤ ከአንድ በላይ አላገኘሁም። አንዷ ‹‹ስሳሳት ክፍሉ እንዲስቅብኝ አትፈቅድም ነበር›› ብላ ጻፈች። ሌላው ‹‹ስሜን ያውቀዋል፤ ደብተሬንም ያውቀዋል›› አለ። ‹‹ጥያቄ ስጠይቀው ይህን እንኳ አታውቅም? አይለኝም›› የሚል ወረቀት ከአንድ በላይ ነበር። ረጅም ጊዜ በእጄ የያዝኩት ግን የሚከተለውን ነው፤ ‹‹አንድ ጥያቄ ጠየቅሁትና እኔም አላውቀውም፣ ነገ አጣርቼ እመጣለሁ አለኝ። በማግስቱ መጣ።›› እነዚህ ልጆች የትምህርት አስተዳደር አልተማሩም፤ ሆኖም ሁሉም በየራሳቸው አነጋገር የጻፉት ስለ አንድ ነገር ነው። አለማወቃቸውን ደፍረው ማሳየት የቻሉበትን ቦታ ነው የጻፉት። ተማሪው ካላሳየ መምህሩ ነጥቧን የሚያኖርበት መስመር አያገኝም።

ለተማሪ ማዘን ብቻውን ጎበዝ መምህር ያደርጋል ማለቴ እንዳልሆነ ልጨምር። የትምህርቱን ይዘት በጥልቀት የማያውቅ መምህር ልጁ የተሳሳተበትን መንገድ ሊያይ አይችልም፤ ትክክለኛውን መንገድ እንኳ የሚያውቀው በአንድ በኩል ብቻ ነውና። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው። ‹‹አት ሊስት 5›› የሚለውን ሐረግ ብዙ ተማሪ ‹‹ከ5 ያነሰ›› አድርጎ ምልክቱን ገልብጦ ይጽፋል። መጀመሪያ የቋንቋ ድክመት ነው ብዬ ‹‹ቢያንስ 5 ማለት ነው›› ብዬ ተረጎምኩላቸው፤ ስሕተቱ ባሰ። እስኪ ልብ በሉ፤ ‹‹ቢያንስ›› የሚለው የራሳችን ቃል በውስጡ ማነስን የያዘ ነው። ልጁ የሰማውን ‹‹አነሰ›› ይዞ ነው ወደ ምልክቱ የሄደው። ከዚያ በኋላ ‹‹ቢያንስ 5 ሰው ከሌለ ሚኒባሱ አይንቀሳቀስም ቢባል፣ 7 ሰው ሲሳፈር ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም?›› ማለት ጀመርኩ፤ ምልክቱም ተቃና። ይህን ለማግኘት እኩል አለመሆንን በሒሳብ ማወቅ፣ እንግሊዝኛውን ማወቅ፣ አማርኛውንም ከውስጥ ማወቅ ነበረብኝ። እንዲህ ያለው እውቀት በምዘናው ቅጽ ላይ ቦታ የለውም፤ በመምህራን ሥልጠና ላይም ብዙ ጊዜ ሲነገር አልሰማሁም።

‹‹በዚህ የተማሪ ብዛት እንዴት ይቻላል?›› እንደምትሉ አውቃለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼም የሚሉት ይህንኑ ነው። እውነት አላቸው፤ ደመወዙ ወር በማያዳርስበት ጊዜ ማታ ደብተር አርሙ ማለት ራሱ ድፍረት ነው፤ ስለ ደመወዙ ግን ሌሎች ከእኔ በተሻለ ስለጻፉ እዚህ አላስረዝመውም። ቁጥሩን ብቻ ላስላው። አራት ሴክሽን አስተምራለሁ፤ በእያንዳንዱ 58 ተማሪ አለ፤ በጠቅላላው 232። አንዱን ደብተር ለማየት ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ 696 ደቂቃ፣ ማለትም ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ነው። በአንድ ጊዜ አይቻልም። በቀን 12 ደብተር ግን 36 ደቂቃ ነው፤ በ20 የትምህርት ቀን የሁሉም ይዳረሳል። እያንዳንዱ ልጅ በወር አንድ ጊዜ ደብተሩ በሚያውቅ ዓይን ይታይለታል ማለት ነው። የ7ኛ ክፍል መምህሬ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው፤ ምሥጢር አልነበረውም። እነዚህ 36 ደቂቃዎች ከየት ይመጣሉ ካላችሁኝ፣ ማንም ከማያነበው ወረቀት ብዛት ይምጡ እላለሁ። በየሳምንቱ በሦስት ቅጂ የማዘጋጀውን ዕቅድ እኔ ራሴ ክፍል ገብቼ አላየውም።

በዚህ መሠረት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። የምዘናው ቅጽ ከሚይዛቸው ነጥቦች ጉልህ የሆነው ድርሻ በዕጣ ከተመረጡ የተማሪ ደብተሮች ላይ በሚታየው ነገር ላይ ይመሥረት፤ ማለትም መምህሩ አይቶታል ወይ፣ ስሕተቱ የጀመረበትን አመልክቷል ወይ፣ ተማሪውስ ከዚያ በኋላ አቃንቶታል ወይ የሚለው ይታይ። ክፍል የሚጎበኝ ሱፐርቫይዘርም ከኋላ ተቀምጦ መምህሩን ብቻ ከሚያይ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከአንድ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ በዚያ ልጅ ደብተር ላይ የሚሆነውን ይይ። መምህሩ ራሱ የሚሰጠው ማርክ የራሱ ምዘና መለኪያ መሆኑ ይቅር፤ ሚዛኑን ለነጋዴው ሰጥቶ በሚዛኑ መፍረድ ነውና። ርእሰ መምህራንም ‹‹የወደቀ እንዳይበዛ›› ብለው እንዲያዙን የሚያደርጋቸው ከላይ የሚጠየቁት የማለፍ መቶኛ እንደሆነ እንረዳለን፤ እነርሱንም ከዚህ አሳርፏቸው።

መምህሩ በሥራ ላይ እያለ ሙያውን ለሚያዳብርበት ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ተመድቧል። እስካሁን በሠራሁባቸው ቦታዎች ይህ ሰዓት ባብዛኛው ፋይል በመሙላት ነው የሚያልቀው። ከዚያ ውስጥ ግማሹን እንኳ የአንድ ትምህርት ዓይነት መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የተማሪዎቻቸውን የተሳሳቱ መልሶች የሚያነቡበት ይሁን። የኩዊዙን ነገር ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ከስድስታችን አራታችን ያንን ስሕተት በየዓመቱ እናይ እንደነበር፣ ከእኔ ከዚያ ቀን በቀር ግን አንዳችንም ልጁን ጠይቀን እንደማናውቅ ታወቀ። ያ ንግግር የፈጀው የሻይ ሰዓት ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዬ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን የሚመለከት ነው። ከተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ መሆናቸውን በየጊዜው ነግራችሁናል። ውጤቱን ሳታድበሰብሱ ይፋ ማድረጋችሁን ከሚያከብሩት አንዱ ነኝ። ነገር ግን ለእኔ ለመምህሩ የሚደርሰኝ ማን ስንት እንዳመጣ ብቻ ነው፤ ከመቶ 27። የት ጋ እንደጠፋበት የሚነግረኝ የለም። ፈተናው ምርጫ ነው፤ በወረቀትም ይሰጥ በኮምፒውተር መልሱ የሚታረመው በማሽን ነው፤ ስለዚህ በአንድ ጥያቄ ላይ የእኔ ተማሪዎች ‹‹ሀ››ን ትተው በብዛት ‹‹ሐ››ን እንደመረጡ በማሽኑ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ያ የተሳሳተ ምርጫ ለእኔ ከውጤቱ ይልቅ ይጠቅመኛል፤ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ስሕተት አንድ ላይ ከሄዱ መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ልሆን እችላለሁና። በየትምህርት ቤቱና በየትምህርት ዓይነቱ፣ የተማሪ ስም ሳይጠቀስ፣ እያንዳንዱ ጥያቄ እንዴት እንደተመለሰ የሚያሳይ አንድ ገጽ በየዓመቱ መስከረም ላይ ቢደርሰን፣ ዓመቱን የምንጀምረው ከዚያ ነው። ስድብ ሆኖ አንወስደውም።

ይህን ስጽፍ አንድ ሥጋት አለኝ፤ ደብተር ማየትም በተራው ቅጽ ይሆንና መምህሩ ሳያነብ በየገጹ ቀይ ነጥብ እየረጨ የሚያልፍበት ቀን ይመጣ ይሆናል። ለዚህ ነው ከቅጹ በፊት እባካችሁ አንድ ጊዜ ኑ የምለው። ከባለሙያዎቻችሁ አንዱ፣ በመኪና አጀብ ሳይሆን ብቻውን፣ በማንኛውም ማክሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ወደ ክፍሌ ቢመጣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ቅጽ አያስፈልገውም፤ እስክሪብቶ ይያዝ። አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ከማንኛውም እንግዳ ፊት ‹‹ገብቶኛል›› እንደምትል ከወዲሁ እነግረዋለሁ፤ ስለዚህ እርሷን ከመጠየቁ በፊት ደብተሯን ይይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርና የክረምት ተማሪ